የእናቴ አዎ

ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ሁሉ መልሴን ሰምቶ ጥያቄውን ይደግመዋል። የፊልምና የጌም ድምፅ እሠራለሁ እለዋለሁ። «ዘፈን ማለትሽ ነው?» ዘፈን አይደለም። «ታዲያ ድምፁ ሲቀረጽ አብሮ አይመጣም እንዴ?» ይመጣል፤ ከነባጃጁ፣ ከነውሻው፣ ከነጄኔሬተሩ ይመጣል። እኔ የማይፈለገውን አወጣለሁ፣ የጎደለውን ደግሞ ሠርቼ አስገባለሁ። እዚህ ላይ ሰዉ በሐዘኔታ ያየኝና ወሬውን ወደ ትዳር ይቀይረዋል።

እናቴ ግን ሥራዬ በራሷ መንገድ ገብቷታል። «ልጄ ኮተት ታንኳኳለች፣ ይከፍሏታል» ትላለች ለጎረቤት። ውሸት የለውም። ከጓሯችን ያለችውን ክፍል ግድግዳዋን በብርድ ልብስና በአሮጌ ፍራሽ ሸፍኜ ስቱዲዮ ብያታለሁ። አንድ ቀን ሰው ጭቃ ውስጥ ሲራመድ የሚሰማውን ድምፅ ፈልጌ ማይኩ ፊት ሊጥ ስጨምቅ ደረሰችብኝ። «አዑዙ ቢላህ! በእህል ትጫወቻለሽ?» ብላ ከነሳህኑ ነጠቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ጭቃዬን የምሠራው ውኃ በጠጣ ጋዜጣ ነው። እውነቱን ለመናገር የሊጡን ያህል አይሆንም።

ከእናቴ ቀጥሎ ሥራዬን የምትፈታተነው ደሴ ራሷ ናት። የስልክ ጌም የሚሠሩ ልጆች ዳገት የምትወጣ ባጃጅ ድምፅ ሲያዙኝ አልቸገርም፤ መስኮት መክፈት ነው። ችግሩ ባጃጅ የሌለበት ድምፅ ሲያዙኝ ነው። አዛኑ አበቃ ስል የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ይቀበላል፤ እሱ ሲያርፍ የሚኒባሱ ረዳት «ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ!» ይላል፤ ረዳቱ ተሳፋሪ ሞልቶለት ሲሄድ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ስለዚህ የእኔ ሥራ ግማሹ መቅዳት፣ ግማሹ ደሴን ከተቀዳው ላይ ማጠብ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው የአባቴና የእናቴ ትዳር ለጥቂት ከመፍረስ የተረፈው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ተሳቢ የነዳ ሰው ነው። ከወደብ መሀል አገር ሲመላለስ ኖሮ የገዛ ቤቱን የሚያውቀው በእንግድነት ነበር። ሲመጣ አዲስ ምንጣፍ ይነጠፍለታል፣ ዶሮ ይታረድለታል፤ ሻንጣውን በቅጡ ሳይፈታ ተመልሶ ይሄዳል። ጡረታ ወጥቶ ቤት መዋል ሲጀምር ነው እሱና እናቴ በደንብ የተዋወቁት ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። መተዋወቁ መጀመሪያ ላይ ሸጋ ነበር። እሱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይጠይቃል፣ እሷ ጓዳ ሆና ትመልሳለች። ዝናቡ አባራ? የጓሮው በር ተዘጋ? ልጅቷ ምሳ በላች? ልጅቷ እኔ ነኝ፤ ሽበት የጀመረኝ።

ቆይቶ ግን አባቴ ማጉረምረም አመጣ። «እናትሽ ዘጋችኝ» አለኝ አንድ ቀን ስቱዲዮዬ ድረስ መጥቶ። «እጠይቃታለሁ፣ አትመልስም። ከግድግዳ ጋር ነው እንዴ የምኖረው?» እናቴን ስጠይቃት ደግሞ እሷም ተቀይማለች። «አንድ ነገር ስንቴ ይጠይቁኛል? መለስኩ፤ ይደግሙታል። ደግሞ መለስኩ፤ ተቆጡ። ወላሂ አባትሽ ሊፈትኑኝ ነው የፈለጉት።»

እናቴ አባቴን አንቱ ነው የምትለው። እኛን ልጆቹን አንተ በሉኝ ብሎ ያስለመደን ራሱ ነው፤ «ሹፌር ነኝ እንጂ ሼህ አይደለሁም» እያለ። እሷን ግን ማስለመድ አልቻለም። ባልን ድምፅ ከፍ አድርጎ ማነጋገርም ለእሷ ነውር ነው። በቁጣዋ ጊዜ እንኳ ድምፅዋ ዝቅ ነው የሚለው፤ በጣም የተናደደች ለታ ምን እንዳለች ለመስማት መጠጋት ያስፈልጋል።

ከዕለታት አንድ ቀን አባቴ ትንሿን ሻንጣውን ይዞ ወጣ። «የደሴ ብርድ ጉልበቴን ጨረሰው። ኮምቦልቻ እህቴ ዘንድ ሄጄ ፀሐይ ልሙቅ» አለ። ብርዱ ሰበብ መሆኑን ቤታችን ውስጥ ያልገባው የለም። ያ ሰው በመኪና ጋቢና ውስጥ ስንት ክረምት ያደረ ሰው ነው፤ ጉልበቱ ስለ ብርድ ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ከቤት የሚወጣው ለሥራ ነበር። ያለ ሥራ ወጥቶ ሲያድር ይህ የመጀመሪያው ነው።

አንድ ሰሞን ይሆናል ያልነው እየሰነበተ ሄደ። ጎረቤቶች «አባትሽ ደህና ናቸው?» ሲሉኝ «ጉልበታቸውን ፀሐይ እያስመቱ ነው» እላለሁ፤ እነሱም «አላህ ያሽራቸው» ብለው ፈገግታቸውን በነጠላቸው ይደብቃሉ። አጎቶቼ ሽማግሌ እንቀመጥ ወይስ እንቆይ እያሉ በስልክ ይመካከራሉ። እናቴ ግን የራሷን ሥራ ይዛለች። ጠዋት ጠዋት የሱን ትራስ ፀሐይ ላይ ታወጣለች፣ ደመና ሲመጣ ታስገባለች። አንድ ቀን ትራሱን አቅፋ በሩ ላይ ቆማ አየኋት። እነዚህ ሁለት ሰዎች በስተርጅና ሊለያዩ ነው ብዬ ፈራሁ።

አባቴ ዘንድ ደወልኩ። እሱ በስልክ ሲያወራ ማዶ ላለ ሰው እንደሚያወራ ይጮኻል።

«ምን አድርጋህ ነው አባ?»

«ጠየቅኋት! ፊት ለፊት ጠየቅኋት! እዚህ ቤት መዋሌን ወደሽዋል ወይ አልኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች! ሰው ከዚህ በላይ እንዴት ይባረራል?»

እናቴ ዘንድ ሄድኩ። «ጠይቀውኛል» አለች። «መልሻለሁ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር።»

«ምን ብለሽ መለስሽ?»

«ምን እላለሁ? አዎ ነዋ!» አለችና ዓይኗን ጠረገች። ሽንኩርት በአጠገቧ አልነበረም።

እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል። ሁለቱም ደግሞ ውሸት የማይሆንላቸው ሰዎች ናቸው፤ አባቴ የውሸት ሲስቅ እንኳ ያስታውቅበታል። የአባቴን ጆሮ መጠርጠር አልመጣልኝም። የእሱ ጆሮ በሰፈሩ የታወቀ ነው። በረንዳችን ላይ ተቀምጦ ከኮምቦልቻ በኩል ዳገቱን የሚወጣውን መኪና እኛ ገና ሳንሰማው «ይሄ ከአቅሙ በላይ ጭኗል» ይላል። ስለዚህ እናቴን ጠረጠርኩ። ያን ጊዜ ዝም ብላው አሁን ጸጸት ይዟት ይሆናል አልኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ የኮምቦልቻ ልጅ የሠራትን አጭር ፊልም ድምፅ እያጸዳሁለት ነበር። ዳይሬክተሩ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ቀርጾ፣ በገዛ አክስቶቹ ያስተወናት ፊልም ናት። ታሪኳ ቀላል ነው። አንዲት ልጅ ትታጫለች፤ አባትየው ሽማግሌዎቹን ውጪ አስቀምጦ ጓዳ ይገባና «ልጄ፣ ቃል ልስጣቸው ወይ?» ይላታል፤ እሷ ትመልሳለች፤ ሰርጉ ይደገሳል። አዲስ የገዛሁት ሶፍትዌር በንግግር መሀል ያለውን ትንፋሽ በሙሉ ለቅሞ የሚያወጣ ቁልፍ አለው። ኢንተርኔት ላይ የምከታተላቸው ፈረንጅ አስተማሪዎች ትንፋሽን አጥፉ፣ ትንፋሽ የጀማሪ ምልክት ነው እያሉ ስንት ሰዓት ሙሉ መክረውኛል። ቁልፉን ተጫንኩት። ፊልሙ እንደታጠበ ብርጭቆ ጠራ። በሥራዬ ኮርቼ ላክሁለት።

በማግስቱ ደወለ። «እህቴ፣ ሙሽራዋን ምን አደረግሻት?»

«ምን ሆነች?»

«እኔ ምን አውቄ! ከቤተሰብ ጋር ተቀምጠን እያየን ነው። አባቷ ይጠይቃታል፣ ዝም! ልጅቷ መልስ ሳትሰጥ ከበሮው ይመታል። አክስቴ ተነስታ ‹ያለ ፈቃዷ ነው እንዴ የምትድሯት?› ብላ ጮኸች። የተወነችው እኮ ራሷ ናት፤ የሙሽራዋ እናት ሆና!»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ መጀመሪያ የተቀዳውን ፈልጌ ከፈትሁ። አባትየው ይጠይቃል። ልጅቷ አንገቷን ሰበር ታደርግና በተከፈቱ ከንፈሮቿ አየር ወደ ውስጥ ሳብ ታደርጋለች። አንድ አጭር «ህ»። በቃ፣ አዎ አለች። እኛ አገር ሁሉም ሰው እንደሚለው አዎ። ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች አገር ትንፋሽ ትንፋሽ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ትንፋሽ ቃል ይሰጣል፣ ሰርግ ያስደግሳል። እኔ የወሎ ልጅ ሆኜ፣ በጆሮዬ እንጀራ እየበላሁ፣ ያችን እሺታ ከቆሻሻ ጋር ጠርጌ ጥያታለሁ። ሄድፎኑን እንዳደረግሁ ለብቻዬ ስስቅ ቆየሁና ድንገት ሳቁ አፌ ላይ ቀረ።

እናቴ አዎ የምትለው እንዴት ነው?

ተነስቼ ወደ ጓዳ ሄድኩ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ምስር ትለቅማለች። «እማ፣ ዛሬ ዝናብ ይመጣል?» አልኳት። «ህ» አለች፣ ዞር ሳትል። ሌላ ቃል የለም፤ በከንፈሯ ያለፈው አየር ብቻ ነው። «የጓሮው በር ተዘግቷል?» «ህ»። ዕድሜ ልኬን ስሰማው የኖርኩት ድምፅ ነው፤ ድምፅ መሆኑን ግን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

የአባቴ ነገርም ገባኝ። በሥራዬ የማውቀው ነገር ነው። ሞተር አጠገብ የኖረ ጆሮ ወፍራሙን ድምፅ አይለቅም፤ የሚከዳው ቀጭኑን ነው። ተሳቢ ከሩቅ የሚሰማ ሰው አጠገቡ ያለ ትንፋሽ ላይሰማ ይችላል። ሶፍትዌሩ በፊልሟ ላይ የሠራውን ሞተሩ በአባቴ ላይ ቀስ እያለ ሠርቶታል። እናቴ ይህን ሁሉ ጊዜ ትመልስለት ነበር። እሱም በሐቅ አልሰማም። ውሸታም ፍለጋ የወጣሁት እኔ ብቻዬን አፈርኩ።

ለእናቴ አስረዳኋት። ምስሩን አስቀምጣ በጥሞና ሰማችኝ። «ስለዚህ እማ፣ ሲጠይቅሽ ጮክ ብለሽ አዎ በይው። ሌላ ምንም አይፈልግም።»

«እኔ?» አለች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «እንደ ገበያ ሴት በባሌ ላይ ልጩህ? ተዚህ ዕድሜ በኋላ? አላደርገውም ሆዴ፣ አትልፊ።»

«እሺ አትጩኺ። ለእኔ ብቻ ልቅዳሽ።» ማይኩን ይዤ መጣሁ። የአባቴን ጥያቄ እንደ እሱ አድርጌ ጠየቅኋት፤ እዚህ ቤት መዋሌን ወደሽዋል ወይ? መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ «ለሳቸው የምመልሰውን ለብረት?» ብላ ተኮሳተረች። እንደገና ስጠይቃት ግን ዓይኗን ወደ በረንዳው፣ ወደ ባዶው ወንበር አደረገችና ያችን «ህ» ሳበቻት። በሥራዬ ብዙ ነገር ቀድቻለሁ፤ ሁለት ቦታ ገልብጬ ያስቀመጥኩት ግን ያን ብቻ ነው።

ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲጨርስ ተሳፋሪው ሁሉ ጃኬቱን ያወልቃል። አባቴን አክስቴ ግቢ ማንጎ ዛፍ ሥር አገኘሁት። በዚያ ሙቀት ወፍራም ሹራቡን እንደለበሰ ነው፤ ብርድ ነው ያባረረኝ ያለ ሰው ሹራቡን ማውለቅ ከብዶታል መሰለኝ። አክስቴ ታናሽ እህቱ ናት፤ አፏ አያርፍም። «አሰላሙ አለይኩም ብዬ ስገባ አይመልስልኝም፣ ልወጣ ስል ወአለይኩም ሰላም ይለኛል!» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ። «ወንድሜ ምን እንደነካው እንጃ!»

«ጆሮህ እንዴት ነው አባ?»

«የኔ ጆሮ?» አለ ተገርሞ። እጁን ወደ አስፋልቱ ዘረጋ። «ያ የሚመጣው ፍሬኑን ማሳየት አለበት። ሰምተሽዋል?» አልሰማሁትም። ጥቂት ቆይቶ አንድ ተሳቢ እያቃሰተ በአጥሩ በኩል አለፈ። አባቴ አሸናፊ ሆኖ አየኝ።

ላፕቶፑን ከፍቼ ያችን የፊልሟን ክፍል፣ ሙሽራዋን ወደ ቦታዋ የመለስኩበትን፣ አጫወትኩለት። ልጅቷ ጀርባዋን ለካሜራው የሰጠችበት ሥዕል ነው። «ልጄ፣ ቃል ልስጣቸው ወይ?» አለ ተዋናዩ።

«እሺ ልጅቷ ምን አለች?» አልኩት።

«ምን አለች? ዝም አለች እንጂ። የዛሬ ልጅ!»

ከኋላችን አክስቴ «ኧረ አንተ ሰውዬ! አዎ አለች እኮ!» አለች።

አባቴ ዞሮ አያት። እንደገና አጫወትኩት። እንደገና አልሰማም። ለሦስተኛ ጊዜ ልጀምረው ስል እጁን ላፕቶፑ ላይ አደረገ። ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፍቶ ነበር። ገብቶታል፤ ሹፌር ነው፣ የመኪና አንዱ ነገር ሲበላሽ ለማወቅ ብዙ አይፈጅበትም። ሄድፎኑን ጆሮው ላይ አደረግሁለት፤ የእናቴን ትንፋሽ ወፈር፣ ከፍ አድርጌ አዘጋጅቼው ነበር። መጀመሪያ የእኔ ጥያቄ ተሰማው፤ የገዛ ጥያቄው መሆኑን አውቆ ግንባሩን ቋጠረ። ቀጥሎ የእሷ መልስ።

አልተንቀሳቀሰም። «ድገሚው» አለ። ደገምኩት። «ድገሚው።» ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አላውቅም። አክስቴ እንኳ ወሬዋን ትታ ቀረብ አለች። መጨረሻ ላይ ሄድፎኑን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና «ሽንኩርቱን ስትከትፍም እንዲህ ብላኛለች?» አለኝ።

«ብላሃለች።»

«ስለ በሩም? ስለ ዝናቡም?»

«ሁሉንም መልሳልሃለች አባ።»

ፊቱን ወደ ማንጎው አዞረ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አላየሁም፤ ዛፉን ሲያይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ተነሳና ሹራቡን ካወለቀ በኋላ «ይሄ የኮምቦልቻ ሙቀት ሰው አያስቀምጥም» አለ። አክስቴ ሻንጣውን ለማምጣት ስትሮጥ ነጠላዋ ወደቀ። ጆሮ ሐኪም ዘንድ ብንሄድ ብዬ መንገድ ላይ ነካ አደረግሁት። «ቀስ በይ» አለኝ። ዛሬም ቀስ እያልኩ ነው።

ደሴ ስንደርስ ጉም ወርዶ ነበር። እናቴ የበሩን ድምፅ ሰምታ በረንዳው ላይ ወጥታለች። አባቴ የገዛ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ሻንጣውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። ያን ሁሉ አገር የዞረ ሰው እንደ እንግዳ ፈቃድ ጠየቀ።

«ልግባ?» አላት።

እናቴ አየችው። ከንፈሯን ገርበብ አደረገች፤ ትከሻዋ ትንሽ ከፍ አለ፤ እንደ ወትሮዋ ሳበችው። እኔ ከአጠገቡ ቆሜ ሰማሁት። አባቴ አሁንም ዓይኑን ተክሎ እየጠበቀ ነው። አለመስማቱን ከፊቱ ላይ አነበበች። ከደረጃው አንድ ወረደች፣ ነጠላዋን ወደ ኋላ መለሰችና በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ በስቱዲዮዬ ብርድ ልብስ ሁሉ ውስጥ በሚያልፍ ድምፅ ጮኸች።

«አዎ! አዎ ይግቡ!»

የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ከማዶ አንድ መስኮት ተከፈተ። አባቴ ደንግጦ ወደ መስኮቱም ወደ እሷም ተመለከተ።

«ምን ያስጮህሻል አንቺ?» አላት። «ጎረቤት ይሰማል እኮ!»

«ይስማ!» አለች እናቴ፣ እንባዋ እየወረደ። «አንቱ ይስሙኝ እንጂ ጎረቤትስ ይስማ!»